ጓዳው በዋይፋይ ሲታይ

በግንቦት ከሰዓት በኋላ ሸዋ ሮቢት ላይ ከልቡ የሚሠራው ቬንትሌተር ብቻ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጣርማ በር ላይ ጋቢ የደረበ መንገደኛ ደብረ ሲናን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ አንድ በአንድ እያወለቀ ይመጣና፣ እዚህ ሲደርስ የሚያወልቀው ያልቅበታል።

የአክስቴ ቤት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ማንጎና ፓፓያ የያዙ ልጆች ሲሮጡ በመስኮቱ ይታያል። የፊቱ ክፍል ፎቶ ቤትና የኮምፒዩተር ጽሕፈት ነው፤ ከኋላው ቤተሰቡ ይኖራል፤ ጓሮ ደግሞ በተርታ የተሠሩ አራት የኪራይ ክፍሎች አሉ። አንድ ራውተር ሁሉንም ያዳርሳል። ተከራይ ሲገባ ስለ ውሃው፣ ስለ መብራቱና ስለ ዋይፋዩ ባንድ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ፓስዎርዱም ከክፍሉ ቁልፍ ጋር አብሮ ይሰጠዋል።

እንግድነት በሄድኩበት ሰሞን ነው፣ ከተከራዮቹ አንዱ፣ ወጣት መምህር፣ በሩ ላይ ቆሞ እግር እግሩን እያየ፦

«ይቅርታ ያድርጉልኝና እትዬ፣ የእናንተ ኮምፒዩተር እኔ ስልክ ውስጥ ይታያል።»

አክስቴ መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ። ልጁ ስልኩን ዘረጋላት። ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ፊልም ሲፈልግ «ሎካል ኔትወርክ» የሚል ነካ፤ የቤቱ ኮምፒዩተር ስም ወጣለት። ነካው፤ ዲ ድራይቭ ተዘረገፈ። ፊልም፣ ሒሳብ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ውል፣ ሰርግ የሚሉ ፎልደሮች በአማርኛ ተጽፈው በተርታ ተደርድረዋል። ፓስዎርድ የጠየቀው የለም። «ሰርግ» የሚለውን ፊልም መስሎት ከፈተው፤ የመጀመሪያው ፎቶ ሲወጣ ዘጋሁት አለ። ስንት ፎቶ እንዳየ አልጠየቅነውም። እውነቱን ሊናገር ደጃፍ ድረስ የመጣን ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቁትም።

አክስቴ ዝም አለች። ለምን ዝም እንዳለች ሸዋ ሮቢት ያለችበትን ይፋትን የማያውቅ ሰው ላይገባው ይችላል። በዚህ ቆላ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ አማራው፣ አርጎባውና ኦሮሞው ተቀላቅሎ ይኖራል። በብዙ የሙስሊም ሰርግ የሴቶቹ ጭፈራ ለብቻ ነው፤ ሙሽራዋም መሸፈኛዋን የምታወልቀው ሴቶች ብቻ ባሉበት ክፍል ነው። አክስቴ በዚያ ሁሉ ፎቶ አንሺ መሃል ሥራ የማታጣውም ሴት ስለሆነች ነው። መምህሩ በከፈተው ፎልደር ውስጥ ያለችው ሙሽራ እናት ካሜራውን ስታይ የተናገረችው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «አደራ»። ያ አደራ ሦስት ዓመት ሙሉ ለግቢው ስልክ ሁሉ ክፍት ሆኖ ከርሟል። የሰዎቹን ስም ለምን እንደማልጽፍ ከዚህ በኋላ አንባቢ አይጠይቀኝም ብዬ አምናለሁ።

እንዴት እዚህ ተደረሰ? ማንም በክፋት ያደረገው ነገር የለም። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቤተሰቡ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸ። አክስቴ ካሜራውን ትታ ሃርድ ዲስኩን በነጠላ ጠቅልላ ይዛ ወጣች። ሲመለሱ ያንን ሁሉ አዲስ በተገዛ ኮምፒዩተር ዲ ድራይቭ ላይ ገለበጠችው። የቤቱ፣ የሱቁ፣ የባልየው የማሾና የሽንኩርት ንግድ ሒሳብ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ተርፏል፤ ያን ጊዜ የሚበቃው ያ ነበር።

ከዚያ 2015 ክረምት መጣ። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ቴሌግራም የለ፣ ዩቲዩብ የለ። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጇ አንድ መላ አገኘ። ፊልሞቹ ኮምፒዩተሩ ላይ አሉ፤ ራውተሩ ኢንተርኔት ባይኖረውም መብራት አለው። ይህን ነገር ብዙ ሰው ሲደናገርበት አያለሁ። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ራውተሩ የግቢ በር ነው ብንል፣ ኢንተርኔት ከበሩ ውጪ ያለው አስፋልት ነው። አስፋልቱ ቢዘጋ በግቢው ውስጥ ከቤት ቤት መሄድ አይቀርም። ኮምፒዩተር ያለውን ፎልደር «ሸር» ሲያደርግ እዚያው ግቢ ውስጥ ላሉ ስልክና ላፕቶፖች በሩን ይከፍታል፤ ከውጪ አንድ ባይት አያስፈልግም። ልጁ ይህን ተጠቀመ፤ እኔም ብሆን አደርገው ነበር።

የሳተው ከዚያ በኋላ ነው። ፊልም ያለበትን ፎልደር ብቻ ከመክፈት ይልቅ ዲን እንዳለ ሸር አደረገ። ስልኩ ፓስዎርድ ሲጠይቀው የእናቱን ፒን ጻፈ፤ እምቢ አለው። ነገሩ ቀላል ነው፤ ዊንዶውስ ላይ የምንነካው አራት አሃዝ ፒን የሚሠራው ኮምፒዩተሩ ፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው፤ በኔትወርክ ለሚመጣ አይቆጠርም። ፓስዎርድ የሌለው አካውንት ደግሞ ጭራሽ በኔትወርክ አይገባም፤ ዊንዶውስ ራሱ ይከለክላል። ጓደኛው ታዲያ መላ አሳየው። በፓስዎርድ የሚጠበቀውን ሸሪንግ አጥፋው፤ የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ላይ «ኤቭሪዋን» የሚለውን ጨምር፤ «ፉል ኮንትሮል» ስጠው። በሁለት ደቂቃ ፊልሙ ስልኩ ላይ ተጫወተ። የሠራ ነገር ደግሞ አይነካም። ኢንተርኔቱ ተመለሰ፤ ተከራይ ወጣ፣ ተከራይ ገባ፤ ኤቭሪዋን ግን እዚያው ቀረ።

«ኤቭሪዋን» ማለት ሁሉም ሰው ማለት ነው። ቤተሰብ ማለት አይደለም። ቀላል ትመስላለች፤ ነገር ግን በየቤቱ ያለው ስህተት ከሞላ ጎደል ከዚህች አንዲት ቃል ይወለዳል።

ፎልደር የመጋራት ነገር ሲፈጠር ለቤት አልታሰበም። መሠረቱን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የአይቢኤም ሰዎች ለመሥሪያ ቤት ጣሉት፤ ኤስኤምቢ ይባላል፤ ማይክሮሶፍት ወስዶ የዊንዶውስ ቋንቋ አደረገው። አውስትራሊያዊው አንድሪው ትሪጅል ደግሞ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ዊንዶውስ ያልሆኑ ኮምፒዩተሮች ያንኑ ቋንቋ እንዲናገሩ መንገድ ከፈተ፤ ሳምባ የሚባለው ፕሮግራም ያ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚከፍት የሚቆጣጠር ደሞዝተኛ አለ። ቤት ውስጥ የለም። ማይክሮሶፍት ለዚህ ብሎ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ከዊንዶውስ 7 ጋር «ሆምግሩፕ» የሚባል ለቤት የቀለለ ዘዴ አመጣና በ2018 (እ.ኤ.አ.) ከዊንዶውስ 10 አወጣው። እንግዲህ የአክስቴ ልጅ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነው በእጁ ያለው፤ የመሥሪያ ቤቱ ጠባቂ ግን የለም።

ይፋት ስለ ጠባቂ ታውቃለች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ባሕር ዳርቻ በአፋር በረሃ በኩል ወደ ሸዋ የሚመጣ እንግዳ ፋሬ ላይ ይቆም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደጋው ይጀምራል፣ ከላይ አንኮበር አለ። በሩን የያዘው የይፋቱ አበጋዝ ወላስማ መሐመድ ነው፤ የይፋትን ሱልጣኖች ዘር የሚጠራ ሰው። በ1841 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዙ ሻምበል ሃሪስ ከነመልዕክተኞቹ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ በዓመቱ የመጣው ቻርልስ ጆንስተን ደግሞ እዚያው ፋሬ ላይ ፈቃድ እስኪመጣለት ተይዞ መቆየቱን ጽፏል። ወላስማ «ሁሉም ይግባ» አይልም፤ «ማንም አይግባ»ም አይልም። ገበያ አለ፣ ጨው አለ፣ ነጋዴ አለ፤ መንገዱ ቢዘጋ ሸዋም ይፋትም ይጎዳሉ። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሰውዬ ማን ነው? የፎልደር ፈቃድ ላይም ጥያቄው ይኸው ነው። ኤቭሪዋንን የጻፈ ሰው ወላስማን ከፋሬ አንስቶታል።

መምህሩ በመጣ በማግስቱ መናኸሪያው አካባቢ ስልክና ኮምፒዩተር የሚጠግነውን ልጅ ጠራነው። ፍላሹን ኪሱ ከትቶ፣ ጠመዝማዛ መፍቻውን ጆሮው ላይ ሰክቶ መጣ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ደስ አለኝ፤ አልነካካም፣ ቆጠረ። ኮምፒዩተሩ ምን ምን ሸር እንዳደረገ በአንድ ቦታ የሚያሳይ ዝርዝር አለ፤ «ኮምፒዩተር ማኔጅመንት» ውስጥ «ሸርድ ፎልደርስ» ይባላል። ዲ አለ። የአታሚው አለ። በተጨማሪም የአክስቴ ልጅ ከዓመት በፊት ለጌም ብሎ ሸር አድርጎ የረሳው አንድ ፎልደር ከዴስክቶፑ ወጣ። «ጋሼ፣ ሰው ያልቆጠረውን በር አይዘጋም» አለኝ ጠጋኙ።

በስማቸው መጨረሻ የዶላር ምልክት ያለባቸውም ነበሩ። ዊንዶውስ ለአስተዳዳሪ ሲል የሚያስቀምጣቸው ናቸው፤ አልነካቸውም። ነገር ግን ይህን ምልክት ያወቀ ሰው የራሱን ፎልደርም በዶላር ጨርሶ ሸር ያደርግና «ደበቅኩት» ይላል። ከዝርዝር ላይ አይታይም፤ እውነት ነው። ስሙን የሚያውቅ ግን ጽፎ ይገባል። ቁልፉን ምንጣፍ ሥር እንደማስቀመጥ ነው፤ ሌባውም ምንጣፍ ማንሳት ያውቃል።

ዲ ከሸር ወጣ። በምትኩ ሦስት ፎልደር ተሠራ፦ ለሥራው፣ ለሒሳቡ፣ ለፊልሙ። ከዚያ ለእያንዳንዱ የቤት ሰው በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የየራሱ አካውንት ከነፓስዎርዱ ተከፈተለት፤ ፓስዎርድ የሚጠይቀውም ሸሪንግ ተመለሰ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ፓስዎርዱ የሚሰጠው ለፎልደሩ እየመሰለው «ፎልደሩን በምን ቁልፍ ልዝጋው?» ይላል። ዊንዶውስ ፎልደርን አይቆልፍም፤ ሰውን ነው የሚያውቀው። ዕቃው ያለበት ኮምፒዩተር የመጣውን ሰው ስም ይጠይቃል፣ ፓስዎርዱን ያመሳክራል፣ ከዚያ በፎልደሩ ዝርዝር ላይ ስሙን ይፈልጋል። ሰርጉ ያለበት የሥራ ፎልደር ላይ የአክስቴ ስም ብቻ ተጻፈ። ሒሳቡ ላይ የባሏና የእሷ። ፊልሙ ላይ ልጆቹም ተጨመሩ፤ ግን «ሪድ» ብቻ፤ ያያሉ፣ ይገለብጣሉ፣ አይሰርዙም።

እዚህ ላይ ሁለት በር እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ሲደክም ይውላል። አንዱ በር «ሸሪንግ» የሚለው ገጽ ላይ ያለው ነው፤ በኔትወርክ የሚመጣን ብቻ ይመለከታል። ሌላው «ሴኩሪቲ» የሚለው ገጽ ላይ ነው፤ በኔትወርክ የመጣውንም፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውንም ይጠይቃል። በኔትወርክ የመጣ ሰው ሁለቱንም ማለፍ አለበት፤ ጠበቅ ያለው ያሸንፋል። የመጀመሪያውን ብቻ ዘግቶ የሚሄድ ጠጋኝ ብዙ ነው። ከዚያ ልጅዬው እናቱ ገበያ በሄደችበት በራሱ አካውንት ገብቶ ኮምፒዩተሩ ፊት ቁጭ ይልና ሁሉንም ይከፍታል፤ በሸሪንግ በር አላለፈማ። ሁለተኛው በር ደግሞ የውርስ ጣጣ አለበት፤ ልጅ ፎልደር የወላጁን ፈቃድ ይወርሳል። ዲ ላይ ለሁሉም የቤቱ ተጠቃሚ የተሰጠው ፈቃድ ወደ ሰርጉ ፎልደር ወርዶ ነበር። ጠጋኙ ውርሱን አቋረጠው፤ ከዚያ ነው አላስፈላጊውን ስም መፋቅ የተቻለው።

ከዝርዝሩ ጎን «ዲናይ» የሚል ሳጥን አለ፤ ከልክል ማለት ነው። ያጓጓል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ቤቴ ውስጥ ብልህ ነኝ ብዬ ለራሴ «ፈቀድኩ»፣ ለኤቭሪዋን ደግሞ «ከለከልኩ» ብዬ አውቃለሁ። ክልከላ ፈቃድን ይሽራል፤ እኔም ከኤቭሪዋን አንዱ ነኝ። የራሴን ዶክመንት ከውጪ ቆሜ ሳየው አመሸሁ። ለማይፈልጉት ሰው ክልከላ አይጻፍም፤ ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ያልተጻፈ አይገባም።

ሁሉም አለቀ ተብሎ ቡና ሲፈላ የአክስቴን ልጅ «እስቲ ሞክር» አልኩት። ላፕቶፑን ከፈተ፤ የሥራውን ፎልደር ነካ፤ ሰተት ብሎ ገባ። ጠጋኙ ሲኒውን አስቀመጠ። ለካስ አዲሱ ፓስዎርድ ከወጣላት በኋላ አክስቴ አንድ ጊዜ በልጁ ላፕቶፕ ገብታ ፎቶ አውጥታ፣ «አስታውሰኝ» የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጋባታለች። ላፕቶፑ ልጁን ሳይሆን እሷን ሆኖ ነው የገባው። ዊንዶውስ እንዲህ ያሉ ስምና ፓስዎርዶችን «ክሬደንሻል ማናጀር» በሚባል ቦታ ያከማቻል። ከዚያ ተሰረዘ፤ ላፕቶፑ ጠፍቶ ተነሳ፤ ያን ጊዜ ከለከለ። ልጁ ቅር ያለው አይመስልም፤ ይልቁንም በጠጋኙ ተደነቀ።

የቀረው ግቢው ነው። ተከራዮቹ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ኔትወርክ ላይ መሆናቸው ራሱ ትክክል አልነበረም። አብዛኞቹ የዛሬ ራውተሮች «ጌስት» የሚባል ሁለተኛ ዋይፋይ ያወጣሉ፤ ኢንተርኔት ይሰጣል፣ የቤቱን ኮምፒዩተር ግን አያሳይም። እሱ ተከፈተ። የዋናው ዋይፋይ ፓስዎርድ ተቀየረ። ራውተሩን ራሱን የሚያስተዳድረው ፓስዎርድ ከፋብሪካ እንደመጣ፣ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ እንደተጻፈው ነበር፤ ያም ተቀየረ፤ እሱን የያዘ ሰው የቀረውን ሁሉ መልሶ ይገለብጠዋልና።

ጠጋኙ ሌላም አገኘ። ልጁ ለአሮጌ ስልኩ ብሎ የመጀመሪያውን የኤስኤምቢ ዓይነት አስነስቶታል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን የቆለፈውና ገንዘብ የጠየቀው በዚሁ አሮጌ በር በነበረች ቀዳዳ ገብቶ ነው፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኛ መልሰዋል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳዋን የምትደፍነውን ማስተካከያ ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር፤ የተጠቁት ያልጫኑት ናቸው። እንዲህ ያለ ቫይረስ አንዴ ግቢ ከገባ «ፉል ኮንትሮል» ያለው ፎልደር ሁሉ ለእሱም ፉል ኮንትሮል ነው። አሮጌው ዓይነት ተዘጋ። የሰርጎቹ ሁሉ ሁለተኛ ቅጂም በዚያችው ከደብረ ብርሃን በተመለሰችው ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ገመዷ ተነቀለ።

ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጠን የባሏ ጥያቄ ሕግ ነበር። «ተከራዩ ቢበትነውስ ኖሮ ማንን ነው የምንከሰው?» ለሰርጉ ፎቶ መልሱ አሮጌ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ኮምፒዩተር ሳይታሰብ የተጻፈ ሕግ ነው፤ አሁንም ይሠራል። በኮምፒዩተሩ በኩል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ ወይም ከፈቃድ በላይ ወደ ሰው የኮምፒዩተር ዳታ የሚገባን ሰው ይቀጣል። ታዲያ «ኤቭሪዋን» ተብሎ የተጻፈ በር ያለ ፈቃድ ተገባበት ይባላል? ጠበቃ ይከራከርበት፤ እኔ ግን ዳኛ ብሆን መምህሩን አልቀጣውም። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ጥያቄውን ያዞረዋል፦ የሰውን መረጃ የሚሰበስብና የሚያስቀምጥ ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ፎቶ ቤት ይሰበስባል። ጉርድ ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የብድር ውል፣ የፍቺ ማመልከቻ ሳይቀር በአክስቴ ኮምፒዩተር አልፏል። አክስቴ ይህን ስትሰማ ተነሥታ ወደ ሱቁ ገባች፤ ተመልሳ «ውል የሚለውንም እኔ ላይ ብቻ አድርጌዋለሁ» አለች። ማንም አላሳያትም ነበር።

ያላለቀ ነገር አንድ አለ፤ ልደብቀው አልፈልግም። ይህ ሁሉ ጥበቃ የሚሠራው ዊንዶውሱ ሲነሳ ነው። ኮምፒዩተሩን ሰርቆ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ የሚሰካ ሰው የፈቃድ ዝርዝሩን ጥሶ ያነባል፤ ለዚያ ዲስኩን ራሱን መመስጠር ያስፈልጋል፤ በዚህ ቤት ገና አልተደረገም። የሱቁ በር ግን የብረት ነው።

ለሙሽራዋ እናት ተነገራት ወይ? አክስቴ ሄዳ ነገረቻት። እናትየው ረጅም ጊዜ አላየቻትም፤ በኋላ «ያየው ልጅ ራሱ ነው የነገረሽ?» አለቻት። አዎን አለች። ፎቶዎቹ በፍላሽ ተሰጡ፤ ከኮምፒዩተሩና ከሃርድ ዲስኩ በእናትየው ፊት ተሰረዙ። ለቀጣዩ ሰርግ ጠርተዋታል።

እርስዎም ዛሬ ማታ የራስዎን ግቢ ይዩ። የጎረቤትዎን ወይም የተከራይዎን ስልክ ይዋሱና፣ በቤትዎ ዋይፋይ ላይ ሆነው ቪኤልሲ ውስጥ «ሎካል ኔትወርክ» የሚለውን ይንኩ። የኮምፒዩተርዎ ስም ከወጣና ፓስዎርድ ሳይጠይቅ ከከፈተ፣ ስልኩን ከመመለስዎ በፊት ምን ምን እንደሚታይ ይቁጠሩ።

መምህሩ ክፍሉን አልለቀቀም። ጌስት ዋይፋዩ ፊልሙን ስለማያሳየው አርብ አርብ ፍላሽ ይዞ ይመጣል። አክስቴ ፊልሙን ከመገልበጧ በፊት ፍላሹን ለቫይረስ ትፈትሻለች።